የሁመድ ቅዳሜ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩም፤ እሳቸው ስለ ጾሜ ሲጠይቁኝ እኔ በፍልሰታ ረስቼ እንቁላል የበላሁበትን ታሪክ እየተረክሁ ሳስቃቸው ኖርኩ። ከሁሉ በፊት ሊሰማው ይገባ የነበረው ወዳጄ ሰዒድ ነው፤ እሱንም ዐይን ዐይኑን እያየሁ፣ በቀልዱ እየሳቅሁ፣ ስንት ዘመን ዝም አልኩት። እርስዎን ግን አላውቅዎትም። ሽማግሌ ይሁኑ ተማሪ፣ ወንድም ይሁኑ እህት፣ ይህን ጽሑፍ የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ አፌ የተፈታውም ለዚህ ይመስለኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የሚያለቅስ ሰው ከጠበቁ ያዝኑብኛል። እኔ ይመር ሳቂታ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር ይመር ሲቀጣን እንኳ ይስቃል» ይሉኝ ነበር። ልናዘዘው ያሰብኩት በደልም በሕይወቴ እጅግ ደስ ካለኝ ወር ጋር የተጣበቀ ነው። ደስታውን ከበደሉ ላላቅቅ ብዙ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እንግዲህ ሁለቱንም እንዳሉ ይቀበሉኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰዒድና እኔ የወሎ ልጆች ነን፤ እሱ የባቲ፣ እኔ የኮምቦልቻ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ፊዚክስ ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ አብረን አዋሽ ከተማ ተመደብን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ወደ አዋሽ ገደል አፋፍ እየሄድን ነፋስ እንቀበል ነበር። ሌላው ሰው ገደሉን ሲያይ ወደ ኋላ ይላል፤ ሰዒድ ግን አፋፉ ላይ ቆሞ «ይመር፣ ዩኒቨርስስ እንዲህ ያለ ጫፍ ይኖረው ይሆን?» ይለኛል። እኔም «መጀመሪያ አንተ ከጫፉ ራቅ በል» እለዋለሁ።

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረን፤ መቅረት የማይታሰብ ነው። አንድ ቀን ካድሬው ቁስ አካል በቦታም በጊዜም ወሰን እንደሌለው ሲያስረዳን ሰዒድ እጁን አወጣ።

«ጓድ፣ ማለቂያ የለውም ማለትና ጫፍ የለውም ማለት አንድ ነው?»

እኔ ወንበሬ ስር ልገባ ምንም አልቀረኝም። ሰዒድ ግን ለቤታችን የገዛነውን ሐብሐብ ከእግሩ ስር አነሣና ጠረጴዛው ላይ ጉብ አደረገው። «ጉንዳን እዚህ ላይ ትሂድ» አለ። «ዕድሜ ልኳን ብትሄድ ጫፍ አታገኝም። አጥር አይገጥማትም፣ ገደል አይገጥማትም። ሐብሐቡ ግን መጠን አለው፤ ይኸው በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። ቀጥ ብላ ከሄደች ደግሞ ከተነሣችበት ቦታ በጀርባ በኩል ትመጣለች። የምንኖርበት ህዋም እንዲህ ቢሆንስ?»

ካድሬው ሐብሐቡን ትክ ብሎ አየው። «ጥያቄው ለበላይ አካል ይቀርባል» አለ በመጨረሻ፤ «ሐብሐቡ ግን እዚሁ ይቆረጥ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰዒድ ማለት እንዲህ ነው። ሐብሐቡም የእሱ፣ ጥያቄውም የእሱ ነበር። ይህን ይያዙልኝ፤ ወደፊት እደርስበታለሁ።

በዓመቱ ሰዒድ ወደ ዱብቲ ተዛወረ፤ ከጥጥ እርሻው አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት። እኔ አዋሽ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ከበላይ አንድ መልእክት መጣ፤ ከሸለቆው ትምህርት ቤቶች አንድ የፊዚክስ መምህር ተመርጦ ባሕር ማዶ ለአንድ ወር የክረምት ኮርስ ይማራል። ኮርሱ ስለ ስበትና ስለ ዩኒቨርስ ቅርፅ ነው። ፈታኙ በሚመጣው ቅዳሜ በባቡር አዋሽ ይደርሳል፣ ለመፈተን የታጨነው ሰዒድና እኔ ነን። ያን ሰሞን የዱብቲ ስልክ ተበላሽቶ ነበር። ርእሰ መምህራችን «ጓደኛህ አይደል? ለሰዒድ ቃል ላክበት» አለኝ። እኔም በደስታ ወጣሁ። እግዜር ያውቃል፣ ከቢሮው ስወጣ ልቤ ንጹሕ ነበር።

መንገድ ዳር ጋሽ ሁመድን አገኘኋቸው። ጋሽ ሁመድ በአዋሽና በሎጊያ መካከል በጭነት መኪና የሚመላለሱ፣ በሁለቱም በኩል ግመልና ዘመድ ያላቸው አፋር ናቸው። ጺማቸው መሸበት ጀምሯል፤ ቀልዳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነበር። ሰዒድን እንደ ልጃቸው ይወዱታል። ወደ ሎጊያ የሚሄድ መኪና እየጠበቁ ነበርና እንደ ወጉ ቁጭ አስባሉኝ።

ወጉን ለማያውቅ ልንገር። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። ይቀመጣል። አንዱ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ይሉታል። ያ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ እየተሻገረ ከአዋሽ ተነሥቶ ሰርዶ፣ ከሰርዶ ገላፊ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ስልኩን ይቀድመዋል። ሕጉ አጭር ነው፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ። ሰው ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ልጆቹን ይዞ የሚነሣው በዚህ ቃል ነው። ዳጉ ያበላሸ ሰው ቃሉ አይሰማም፤ ለአፋር ደግሞ ቃሉ የማይሰማ ሽማግሌ በቁሙ የተቀበረ ነው።

ጋሽ ሁመድ የራሳቸውን ነገሩኝ። የት እንደዘነበ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ የትኛው ኬላ ፍተሻ እንዳጠበቀ። ከዚያ «ባንተ በኩልስ?» አሉኝ።

«ለሰዒድ ይንገሩልኝ» አልኩ። «ለባሕር ማዶ ትምህርት የሚፈትን ሰው ይመጣል። ፈተናው እዚህ አዋሽ ነው።»

«መቼ?»

እዚህ ላይ ነው። እዚህች ጥያቄ ላይ ስንት ጊዜ ተመልሼ ቆሜያለሁ! ሰዒድ ከተፈተነ እኔ እንደማልሄድ አውቅ ነበር። ከእኔ ይበልጣል፤ ሁልጊዜም ይበልጠኝ ነበር፤ ሲበልጠኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ታዲያ ያን ዕለት ምን ነካኝ? ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን ያን ቀን አዋሽ አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው» አልኩ።

ጋሽ ሁመድ ቃሌን ደገሙት። «የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው። አይተህ ነው ሰምተህ?»

«በጆሮዬ ሰምቼ።»

«በል አደርሳለሁ» አሉና መኪናው ላይ ወጡ። ልጠራቸው እችል ነበር። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሾፌሩ ጎማ ሲፈትሽ ቆይቷል። አልጠራኋቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አፋፉ ላይ የቆመውን ቃል እጄን ዘርግቼ ልይዘው እየቻልኩ ሲሄድ አየሁት።

ቅዳሜ ብቻዬን ተፈተንኩ። ፈታኙ ከብዙ ጥያቄ በኋላ መነጽሩን አወለቀና «እስቲ ልጄ፣ ጫፍ የሌለው ሁሉ ማለቂያ የለውም?» አለኝ። ይሄኔ እውነተኛ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? «ሐብሐብ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ያስቡ» ብዬ ጀመርኩ። ሰውየው በደስታ ጠረጴዛውን መታና እዚያው መረጠኝ። ወንበሩን ከሰዒድ ወሰድሁ፣ መልሱንም ከሰዒድ ወሰድሁ። ጉንዳኗን እንኳ አልተውኩለትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዒድ መጣ። ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ አቧራ ለብሶ፣ በክንዱ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ። «ፈታኙ ካልገባው ልቆርጥለት ነው» አለኝ ገና ከመኪና ሳይወርድ። ፈተናው አልፏል፣ የተመረጥኩትም እኔ ነኝ ስለው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ።

«ጋሽ ሁመድ የሚቀጥለው ነው አለኝኮ።»

«እኔ የሚመጣው ነው ያልኳቸው» አልኩት።

«እንግዲያ ቀኑ ተምታቶበት ነው። ሰው ነው፣ ምን ይደረግ» አለ። ትከሻዬንም መታ አደረገ። «ወላሂ አንተ በመሆንህ ደስ ብሎኛል። ያየኸውን ሁሉ ትነግረኛለህ። አንድ ነገር ብታስቀር አልለቅህም።» ሐብሐቡን አብረን በላነው። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ልደብቅዎት አልችልም።

እስከዚህ ያለውን ምናልባት የወጣትነት ቅናት ነው ብለው ያልፉልኝ ይሆናል። አይለፉኝ። ዋናው ገና ነው።

ወሬው ዱብቲ ሲደርስ፣ በጋሽ ሁመድ አፍ የሄደው ቃል የተበላሸ መሆኑ ታወቀ። እሳቸውም ለሌላ ጉዳይ ሳይሆን ለዚህ ብቻ መኪና ተሳፍረው አዋሽ ድረስ መጡ። ባቡር ጣቢያው ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጥን። ያን ዕለት አልቀለዱም።

«መምህር» አሉኝ፣ «እኔን አትፈረኝ። እኔ ዳጉ ላይ ተሳስቼ አላውቅም። የትኛውን ቅዳሜ ነው ያልከኝ?»

ይኸው፣ በር ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ። እሳቸው ይስቁ ነበር፤ ሰዒድም ይሰድበኝና ይስቅ ነበር፤ ፈታኙም ምናልባት ደግሞ ይፈትነን ነበር። እኔ ምን አልኩ? ጺማቸው ሊሸብት የጀመረውን፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው ፊት ለፊት አይቼ፣

«የሚመጣውን ነው ያልኩዎት» አልኳቸው።

አዩኝ። የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም፤ የራሳቸውን ጭንቅላት ውስጥ እየፈለጉ ነበር። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ አድርገው ሳቁ። «እንግዲያው አረጀሁ! ግመሏ ሳታረጅ እኔ አረጀሁ!» አሉ። ሄደው ለሰዒድ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳጉ ተዉ። ሰው ቁጭ ብሎ ሲነግራቸው ያዳምጣሉ፤ ተራቸው ሲደርስ «ከሌላ ስሙ፣ የኔ ቃል ቀን ያምታታል» ይላሉ። እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። የሰው ገንዘብ አልሰረቅሁም። የአንድን ሰው አፍ ወሰድኩበት።

እንዲህም አድርጌ ሄድኩ። መሄዴ ብቻ አይደለም፣ ደስ አለኝ! የሄድኩባት በባሕር ዳርቻ ያለች የአውሮፓ ከተማ ነበረች። ከብዙ አገር የመጣን መምህራን ጠዋት ጠዋት አንዲት ነጭ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሰካ መምህርት ፊት እንቀመጣለን። እሷም ስታስተምር ጠመኔው እጇ ላይ ይሰበራል፣ እሷ ልብ አትለውም።

እንዲህ አለችን። የስበትን ሕግ ብቻውን ብትጠይቁት ህዋ በየቦታው እንዴት እንደሚታጠፍ ይነግራችኋል፤ የጠቅላላውን ቅርፅ ግን አይነግራችሁም። እንደ ኳስ ይሁን፣ መሃሉ እንደተቦረቦረ የመኪና ጎማ ይሁን፣ ሁለቱም ጫፍ የላቸውም፤ ሕጉ ለሁለቱም ዝም ይላል። ነገር ግን የትንንሾቹን ቅንጣቶች ሕግ፣ ኳንተምን፣ ከስበት ጋር አንድ ቤት ስታስገቡ ዝምታው ያበቃል። ያኔ ህዋ አንድ የተወሰነ ቅርፅ ይዞ አይቀመጥም፤ ሊሆኑ የሚችሉት ቅርፆች ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ። እርስ በርስ የሚስማሙት ይበረታሉ፣ የማይስማሙት ይጠፋፋሉ። ወረቀት ላይ አምሮ የሚታይ ቅርፅ ሁሉ ተፈጥሮ ውስጥ አይቆምም። «አንዳንዶች ደግሞ» አለች ፈገግ ብላ፣ «መቆጠር ያለባቸው ጫፍ የሌላቸው ቅርፆች ብቻ ናቸው ይላሉ፤ በመነሻው እንኳ ጫፍ የሌላቸው። ጫፍ ካለ ጫፉ ላይ ምን እንደሆነ የሚነግረን ከውጭ የቆመ ሰው ያስፈልጋላ! ይህ ገና ግምት ነው፤ ግን ደስ አይልም?»

ደስ ይላል! ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የሰዒድ ሐብሐብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ አየሁት፤ ከእሱም አልፎ ሄዶ አየሁት። እጄን አወጣሁና ስለ ዳጉ ተናገርኩ። በእኛ አገር አንድ ወሬ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም፣ በብዙ አፍ ይመጣል፤ የሚስማማው ይጸናል፣ የማይስማማው ይወድቃል አልኩ። መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀምጣ አጨበጨበች። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ያበላሸሁትን ዳጉ እንደ ሽልማት ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ለምን አልሞትኩም? አልሞትኩም። ማታውን አይስክሬም በላሁ።

ስመለስ ሰዒድ ሰርግ እየደገሰ ጠበቀኝ። ለካ ያን የተሳሳተ ቅዳሜ ከአዋሽ ሲመለስ፣ ዱብቲ ሆስፒታል የተመደበች ሞሚና የምትባል ነርስ አጠገቡ ተቀምጣ ኖሯል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰዒድ ደግሞ ዝም አይልም። ሎጊያ ሳይደርሱ ስለ ዩኒቨርስ ቅርፅ ነግሯታል። እሷም «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጫፍ የለሽ አገር አንተ የት ትገኛለህ?» ብላ ሳቀችበት። አለቀ በቃ።

ሰርጉ ላይ ሰዒድ ጋሽ ሁመድን ከፊት አስቀመጣቸው። «አማጬ እሱ ነው! ቀኑን ባያምታታ ሞሚናን የት አገኛት ነበር? ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ይደጋገም!» አለ። ሰው በሳቅ አለቀ። ጋሽ ሁመድም ሳቁ፣ ተነሥተውም ጨፈሩ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ጎረቤት ያረደልን ዶሮ ለብቻ ቀርቦልን ነበር፤ እኔም እየበላሁ ስቄያለሁ። ግን ከገላፊ የመጣ አንድ ዘመዳቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የራሱን ወሬ ጨረሰና «ባንተ በኩልስ?» ሲላቸው አየሁ። ጋሽ ሁመድ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሌላ ሰው ጠቆሙት። ሥጋውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ከሰርጉ በኋላ ሰዒድን የጥጥ እርሻው ቦይ ዳር አስቀምጬ የተማርኩትን ሁሉ ነገርኩት። አንድ ነገር አላስቀረሁም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ከእኔ ፈጥኖ ገባው። «ስለዚህ ህዋ እንደፈለገው ቅርፅ አይዝም! ሕግ አለበት!» እያለ እንደ ሕፃን ዘለለ፣ አንድ እግሩም ቦይ ውስጥ ገባ። የሳቅነው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዘመን ሄደ፣ ደርግም ሄደ። እኔ አዋሽ አስተምሬ አዋሽ ጡረታ ወጣሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔም በእርግጥ ቀለለኝ፣ ረሳሁት ማለት ይቻላል።

ባለፈው ሰሞን ሰዒድን ልጠይቅ ሰመራ ሄድኩ። ሰመራ ያኔ አልነበረችም፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነበር። ዛሬ ሰዒድና ሞሚና ልጆቻቸውን ተከትለው እዚያ ይኖራሉ። ከአውቶቡስ ወርጄ፣ የወሎ ልጆች ከከፈቱት ሻይ ቤት ጉሮሮዬን ላርጥብ ገባሁ። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ይከራከራሉ። አንዱ በተቀጣጠሩበት ቀን አልመጣም ኖሯል።

«የሁመድ ቅዳሜ አደረግከው!» አለው ሌላው።

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ። «ምን ማለት ነው ልጄ?» አልኩት።

«እዚህ አገር ቀን ያምታታ ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው፣ አባባ» አለ እየሳቀ። «ሁመድ አያቴ ነው። ድሮ አንድ መምህር ለጓደኛው ‹ቅዳሜ ና› በልልኝ ብሎ ልኮት በሌላ ቅዳሜ ቀየረው። ጓደኛውም ፈተና አምልጦት ሚስት አገኘ!»

«አያትህ... በሕይወት አሉ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ጥርስ እንጂ ሌላ የጎደለው የለም። ሁሉን ያዳምጣል፤ እሱ ግን ወሬ አያደርስም። ቤቱ እዚህ ጀርባ ነው፣ ላድርስዎት?»

«ዛሬ ቸኩያለሁ» አልኩት። ቸኩያለሁ! ጡረተኛ ምን ያስቸኩለዋል? ሰዒድንም ሳልጠይቅ፣ ወደ አዋሽ በሚመለሰው መኪና ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ ግን ያቺ ጉንዳን ትዝ አለችኝ፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ በጀርባዋ በኩል የምትመጣው። እኔ ውሸቴን ከአዋሽ ወደ ዱብቲ ነበር የላክሁት። እሱም ሰርዶን፣ ገላፊን፣ ስንቱን ዞሮ፣ ቀልድ ሆኖ፣ ተረት ሆኖ፣ ያኔ ባልነበረች ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ በጀርባዬ መጣ። ሳላስበው ሳቅሁ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ራቅ አለችኝ።

አሁንም እንደ ድሮው የፊዚክስ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ልጄ ከስልክ ታወጣልኛለች። ዛሬ የኳንተምን ስበት የሚያጠኑ ወጣቶች ልክ እንደዚያች መምህርት፣ ወረቀት ላይ እንከን የማይወጣላቸው ብዙ ዓለማት በተፈጥሮ ሊኖሩ አይችሉም ይላሉ። ከግምታቸው አንዱን እጅግ ወደድኩት። ከሌሎቹ ቅርፆች ለዘላለም ተቆርጦ የሚቀር ቅርፅ አይፈቀድም፤ ከእያንዳንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ አንድ መንገድ መኖር አለበት ይላሉ። ገና አልተረጋገጠም። እኔ ግን ወደ ጋሽ ሁመድ የመሄጃ ፈቃድ አድርጌ ቆጠርኩት።

ሰዒድ አንድ ቀን እውነቱን ሲሰማ «ባታደርገው ኖሮ ሞሚና የለችም፣ ልጆቼም የሉም» ብሎ ሊምረኝ እንደሚሞክር አውቃለሁ። አልቀበለውም። ሞሚና የሰዒድ ዕድል ናት፣ የኔ ውሸት ሥራ አይደለችም። ያን ወር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ እንዳላለኝም አላስመስልም። ግን ደስታው የሰው ነበር፣ ዋጋውን የከፈለውም ሌላ ሰው ነው። በወጣትነቴም፣ በዘመኑም፣ በተበላሸው ስልክም አላመካኝም። የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሁመድ ያልኩትን ቃል ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ አደረሱ። አእምሯቸው ያን ቀን አልተሳሳተም፤ ያኔ አላረጁም ነበር። ይህን ይያዙልኝ፤ «የሁመድ ቅዳሜ» የሚል ሰው ከሰሙም «የይመር ነው» ብለው ያርሙት።

ነገ ጠዋት ወደ ሰመራ እሄዳለሁ። ሐብሐብ ገዝቼ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ሰዒድ ራሱ ያፍርበታል። ሰዒድን ይዤ ጋሽ ሁመድ ቤት እገባለሁ። እንደ ተማሪ ፈርቻለሁ፣ እንደ ተማሪም ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱ ዛሬም አልተላቀቁልኝም። ጋሽ ሁመድ ወሬ መንገር ትተዋልና ተራው በቀጥታ የኔ ነው። ቁጭ አስብለው «ባንተ በኩልስ?» ይሉኛል። ስለዚያ ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም እንደ ወጉ ሳያቋርጡ ሰምተው፣ በመጨረሻ ያችን ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «አይተህ ነው ሰምተህ?»

አላየሁም፤ አልሰማሁምም፣ ጋሽ ሁመድ። አድርጌው ነው።